«አቦ፣ ለውሻ ነው እንዴ?»

ላለፉት ዘጠኝ ቀናት የታመመ ቡችላዬን ለማዳን በድሬዳዋ ከተማ በሄድሁበት ሁሉ አንድ ንግግር ብቻ ስሰማ ከርሜአለሁ፤ እርሱም «አቦ፣ ለውሻ ነው እንዴ?» የሚል ነው። የባጃጅ ሾፌሩ ብሎኛል፤ መድኃኒት ቤት የቆመው ወጣት ብሎኛል፤ የእንስሳት ክሊኒክ ጥበቃ እንኳ ሳይቀር ብሎኛል። የእንስሳት ክሊኒክ! ውሻ እንስሳ ካልሆነ ታዲያ ምን ሊባል ነው?

ጣጣው የጀመረው በቀፊራ ገበያ አቅራቢያ ቡችሎችን በካርቶን ይዞ ከተቀመጠ ሰው ነው። «ሁለት ወር ሞልቶታል፣ የሰጡትን ይበላል» ብሎ ሲምልልኝ አምኜ አንዱን ቡችላ ገዛሁት። ሆዱ እንደ ከበሮ የተነፋ ስለነበር የጠገበና የተመቸው መስሎን ተደሰትን፤ ልጄም «መቻል» ብላ ስም አወጣችለት። ያ የተነፋ ሆድ የጥጋብ ሳይሆን የትል መሆኑን የተረዳሁት በሦስተኛው ቀን፣ ካስመለሰው ነገር ውስጥ የተቀቀለ ፓስታ የሚመስል ነጭ ትል ሲንቀሳቀስ ባየሁ ጊዜ ነው።

በመጀመሪያው ምሽት የላም ወተት የሰጠሁት እኔ ነኝ፤ ጥፋቴን አልክድም። ሁላችንም ቡችላ ሲባል ወተት ነው የሚታየን። ነገር ግን የላም ወተት ከውሻ ወተት ይልቅ ስኳሩ የበዛ፣ ስቡና ፕሮቲኑ ግን ያነሰ በመሆኑ፣ የቡችላው አንጀት ስኳሩን መፍጨት ሲያቅተው ተቅማጥ ይሆናል። በማግስቱ ጠዋት የግቢያችን ሰዎች ደግሞ «የውሻ ሆድ ብረት ይፈጫል» እያሉ የወጥ ፍትፍት ጨመሩለት። ቀይ ሽንኩርት ቢበስልም ባይበስልም የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ እንደሚያፈርስ ብናገር፣ እናቴ የምትሆን ጎረቤቴ «ልጄ፣ እኛ ውሻ ስናሳድግ አንተ አልተወለድህም» ብላ አፌን አስያዘችኝ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን በድሬ ሙቀት የታመመ ያስታመመ ሰው ይረዳዋል። ሰው እንኳ ጥላ ሥር ተቀምጦ በሚዝልበት ቀትር፣ ክብደቱ 1 ኪሎ ከ400 ግራም የሆነ ፍጥረት ከላይም ከታችም ፈሳሹን ሲያጣ የሚቋቋምበት አቅም የለውም። ድዱን ስነካው እንደ ወትሮው እርጥብ መሆኑ ቀርቶ ጣቴ ላይ ይጣበቅ ነበር። ወደ መድኃኒት ቤት ሮጥሁ፤ ወጣቱም ከሳቀ በኋላ ለአዋቂ ሰው የሚሆን የተቅማጥ ማቆሚያ ክኒን አውጥቶ «ግማሹን ስጠው፣ ውሻ ምን ይሆናል» አለኝ። የታመመውን አንጀት እንዲህ ባለ መድኃኒት ድርግም አድርጎ መዝጋት መርዙንም ተሕዋስያኑንም እዚያው ማስቀረት ሊሆን እንደሚችል፣ መጠኑም በኪሎ ተሰልቶ እንጂ በግምት ተገምሶ እንደማይሰጥ ከእርሱ መስማት የነበረብኝ እኔ ነበርሁ።

ወደ ክሊኒኩ ስሄድ ባለሙያው ለፍየልና ለግመል ክትባት ወጥቷል ተባልሁ። መልካም፤ ግመልና ፍየል የሰው ኑሮ ናቸውና አልከፋኝም። የከፋኝ መቼ እንደሚመለስ ስጠይቅ ጥበቃው የሰጠኝ መልስ ነው፤ ምን እንዳለኝ ገምታችኋል። ባጃጁም በካርቶን የያዝሁትን ባየ ጊዜ ሂሳቡን እጥፍ አደረገው።

በአንጻሩ፣ በሃይማኖቱ ምክንያት ውሻ የማይነካው ሙስሊም ጎረቤቴ ከሱቁ ኦ አር ኤስ አምጥቶ በራፌ ላይ አስቀመጠልኝና «የተጠማን ማጠጣት አጅር (ከአላህ ዘንድ ምንዳ) አለው» ብሎ ሄደ። ከዘጠኙ ቀናት ውስጥ ያችን ንግግር ያልሰማሁበት ሰው እርሱ ብቻ ነው።

በመጨረሻ በሰው በሰው የተገኘች የእንስሳት ሐኪም እኔ ቤት ድረስ መጣች። መጀመሪያ ያደረገችው ነገር አፉን ከፍታ ጥርሱን መቁጠር ነበር። የሁለት ወር ቡችላ 28ቱም የወተት ጥርሶቹ ሊወጡለት ሲገባ፣ የመቻል የኋላ ጥርሶች ገና ብቅ እያሉ ነበሩ፤ አምስት ሳምንት ቢሆነው ነው አለች። ከእናቱ ጡት ያለጊዜው የተነጠቀ ሕፃን ነበር ለካ የተሸጠልኝ! ሐኪሟ በጣም የፈራችው የቡችላን አንጀት የሚያጠቃውን ፓርቮ የተባለውን ቫይረስ ነበር። ይህ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1978 ጀምሮ ዓለምን ያዳረሰ፣ ክትባት ያለው በሽታ እንጂ አዲስ ዱብ ዕዳ አይደለም፤ ክትባቱም ከስድስተኛው እስከ ስምንተኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ተጀምሮ፣ እስከ አራት ወር ገደማ በየሦስትና በየአራት ሳምንቱ ይደገማል። በሰገራው ደም ስላልታየ፣ ትኩሳትም ስላልነበረው ወደ ትሉ አደላች። ትሉ ገና በማህፀን ሳለ ከእናቱ የሚተላለፍ በመሆኑ መድኃኒቱ ከሁለተኛው ሳምንት ጀምሮ መሰጠት ነበረበት። እንቁላሉ አፈር ውስጥ ከሰነበተ በኋላ ሕፃናትንም ስለሚይዝ ሰገራውን በየዕለቱ እንድናነሳ አስጠነቀቀችን። እንግዲህ «ለውሻ ነው እንዴ?» የሚሉኝ ሰዎች ልጆች የሚጫወቱት በዚሁ ግቢ አፈር ላይ ነው።

ከዚያማ ኦ አር ኤሱን መርፌ በሌለው ሲሪንጅ ጠብ ጠብ እያደረግሁ ሌሊቱን አነጋሁት። ትውከቱ ሲቆም ቅመምም ጨውም ያልነካው ሩዝ፣ ቆዳና አጥንት ከሌለው ቅቅል ዶሮ ጋር በቀን አምስት ጊዜ በትንሽ በትንሹ እንድሰጠው ታዘዝሁ። ዶሮ በዛሬ ዋጋ ለውሻ መቀቀሉ በግቢው ያስነሳውን ጉምጉምታ ለመጻፍ ሌላ ቀን ያስፈልገኛል።

መቻል ትናንት ጅራቱን ቆላ፤ ሰገራውም ቅርጽ ያዘ። ዛሬ ጠዋት በቀፊራ ሳልፍ ያ ሰው ሌሎች አራት ቡችሎች በካርቶን ይዞ «ሁለት ወር ሞልቷቸዋል» ሲል ሰማሁት። ጎንበስ ብዬ የአንዱን አፍ ከፍቼ ጥርሱን መቁጠር ስጀምር ካርቶኑን ወደ ራሱ ሳበና «አቦ» አለኝ፤ የቀረውን እኔው ጨረስሁለት።