ስሙ ብቻ የተለያየ ሬዲዮ

በከባድ መኪና ከቴክሳስ እስከ ቴነሲ ስመላለስ፣ ከአባቴ ካሴቶች የለመድኩት የካንትሪ ሙዚቃ የሌሊት ጓደኛዬ ነበር፤ አሁን ግን ከተማ አልፌ ጣቢያ ብቀይርም የምሰማው ያንኑ ዘፈን፣ አንዳንዴም ያንኑ አቅራቢ ነው። ባለፈው ክረምት በረዶ መንገዱን አንሸራታች ሲያደርግብኝ፣ ስለ መንገዱ እሰማ ብዬ የአካባቢውን ጣቢያ ብከፍት፣ አቅራቢው «እንዴት ያለ ውብ ምሽት ነው!» ይላል። ለካ ሰውየው ሌላ ከተማ ሆኖ ድምፁን አስቀድሞ ቀርጾ ኖሯል።

ነገሩ የተበላሸው እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1996 በወጣው የቴሌኮሙኒኬሽን ሕግ ነው። ሕጉ አንድ ኩባንያ በአገር ደረጃ ከ40 በላይ ጣቢያ እንዳይይዝ የሚከለክለውን ገደብ አነሣ፤ በትልልቅ ከተሞችም ለአንድ ባለቤት እስከ 8 ጣቢያ ፈቀደ። ክሊር ቻናል፣ የዛሬው አይኸርትሚዲያ፣ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከ1,000 በላይ ጣቢያዎችን ሰበሰበ። ይህ ሁሉ የተደረገው ደግሞ (መቼም አያልቅባቸውም) ውድድርን ለማበረታታት ተብሎ ነው!

ግዢው በብድር ስለነበር ሌላው የብዙ ጣቢያዎች ባለቤት ኩሙለስ በ2017፣ አይኸርትሚዲያም በ2018 ዕዳው ከብዷቸው ለኪሳራ ጥበቃ ፍርድ ቤት ቀረቡ። ዕዳውን የተበደረው አለቃ ሆኖ ሳለ፣ ወጪ ይቀነስ ሲባል በቅድሚያ የሚሰናበተው የከተማውን መንገድና የአየር ጠባይ በቃሉ የሚያውቀው የአገሬው አቅራቢ መሆኑ ያንገበግበኛል። እኔም በዚያ ሌሊት ስለ በረዶው የሰማሁት ነዳጅ ማደያ ውስጥ ከቆመች ገንዘብ ተቀባይ ነው።