ማስተካከያ፦ ሞተር ሲጠፋ ፕሮፔለሩ «በራሱ ፌዘር ይሆናል» ስለተባለው

ድሬዎች፣ «የትንሽ አውሮፕላን ሞተር አየር ላይ ሲጠፋ ፕሮፔለሩ በራሱ ፌዘር ይሆናል፣ ማለትም ብሌዶቹ ነፋሱን በጠርዛቸው ይሰነጥቃሉ» ተብሎ የተጻፈው ይታረም። የብሌዶቹ ማዕዘን የሚቀያየር ፕሮፔለር ባለው፣ አንድ የፒስተን ሞተር ብቻ በተገጠመለት አውሮፕላን ላይ አብዛኛውን ጊዜ ተቃራኒው ነው። እዚያ የብሌዶቹን ማዕዘን የሚያሰፋው የዘይት ግፊት ነው፤ ግፊቱ ሲጠፋ ብሌዶቹ ወደ ጠባቡ ማዕዘን ይመለሱና ሰፊ ጎናቸውን ለነፋሱ ሰጥተው አውሮፕላኑን ወደ ኋላ ይይዙታል። ሞተሩ ጠፍቶም ነፋስ ፕሮፔለሩን እያዞረው የዘይት ግፊት ካለ ግን የፕሮፔለሩን ማንሻ ወደ ኋላ መሳብ ማዕዘኑን ያሰፋል፣ አውሮፕላኑ ያለ ሞተር የሚንሳፈፍበት ርቀትም ይረዝማል። ከደንገጎ ተራራ በላይ እየበረረ የድሬን ሜዳ ለሚያይ ፓይለት ይሄ ትልቅ ነገር ነው አቦ! የዘይት ግፊት ሲጠፋ ወደ ፌዘር የሚሄደው በአብዛኛው የባለ ሁለት ሞተር አውሮፕላኖቹ ፕሮፔለር ነው። እዚያም የፕሮፔለሩ ዙር በጣም ከወረደ መቆለፊያ ፒኖች ብሌዶቹን ይዘው ፌዘር እንዳይሆኑ ስለሚከለክሉ፣ ፓይለቱ ሳይዘገይ ነው ፌዘር ማድረግ ያለበት።