ማስተካከያ፦ ዲዋሊ የራማ ታሪክ ብቻ አይደለም

ባለፈው ስለ ሂንዱዎች የመብራት በዓል፣ ስለ ዲዋሊ ስጽፍ «ሂንዱዎች ሁሉ አምላካቸው ራማ ከስደት ወደ ከተማው አዮዲያ የተመለሰበትን ቀን ያከብራሉ፤ ሥጋም ዓሣም አይቀምሱም» ብዬ ነበር። ሁለቱም ስህተት ነው፣ ይቅርታ።

የራማው ታሪክ በተለይ የሰሜን ሕንድ ነው። ወደ ደቡብ፣ ለምሳሌ ታሚል ናዱ ስትወርዱ፣ ዲዋሊ ክሪሽና የተባለው አምላክ ናራካሱራ የተባለውን ክፉ ፍጡር ያሸነፈበት ቀን ነው፤ እዚያ ሰው ገና ሳይነጋ ተነስቶ አናቱን የሰሊጥ ዘይት ይቀባና ገላውን ታጥቦ አዲስ ልብሱን ይለብሳል። በምሥራቅ በኩል፣ ቤንጋል ደግሞ በዚያው ሌሊት የምትመለከው ካሊ ናት። ምላሷን ያወጣች፣ አንገቷ ላይ የራስ ቅል የተደረደረበት ሐብል ያጠለቀች አምላክ! የጉጃራት ነጋዴዎች ላክሽሚ የተባለችውን አምላክ ሀብት እየለመኑ አዲስ የሒሳብ መዝገብ ይከፍታሉ።

ምግቡም እንደዚያው ነው። ሥጋ የማይበሉ ሂንዱዎች ብዙ ናቸው፤ የሚበሉትም ቀላል ቁጥር አይደሉም። ቤንጋል ውስጥ የካህናቱ ወገን የሆኑት ብራህሚኖች ሳይቀሩ ዓሣ ይበላሉ፤ ለሠርግ እንዲያውም የሙሽራው ቤተሰብ ትልቅ ዓሣ አስጊጦ ለሙሽሪት ቤት ይልካል። አብዛኛው የማይነካው የላም ሥጋ ነው።

አንድ መሥራች፣ ሁሉም የሚታዘዘው አንድ የበላይ አካል ለሌለው እምነት «ሁሉም» ብዬ መጻፌ ነው ዋናው ጥፋቴ። የድሮውን ጽሑፍ አርሜዋለሁ፤ ያጋራችሁት ካላችሁ እባካችሁ ይሄንንም አጋሩት።