ይቆይ፣ አይታወቅም!

ዛሬ የማመሰግነው የመዝገብ ቤት ሰዎችን ነው፣ በተለይ አንዲት ብጣሽ ወረቀት ሳትጥሉ ጡረታ የወጣችሁትን። የምሬን ነው። ባለፈው የስራ ልምድ ላወጣ ድሮ የሰራሁበት መስሪያ ቤት ብሄድ፣ ቦክስ ፋይሉ ጣራ ነክቷል፣ የታሰረበት ሲባጎ በስብሷል፣ ከላይ አቧራ ከስር አይጥ። አንዱን ገለጥ ባደርግ በ1987 ዓ.ም ለስብሰባ ሻይ ሁለት ኪሎ ስኳር የተጠየቀበት ደብዳቤ፣ ከነግልባጩ ከነሞዴል 22ቱ (የእቃ ወጪ ደረሰኙ)! ስኳሩ ተጠጥቶ አልቆ፣ ከጠጪዎቹም ስንቱ አርፎ፣ ደብዳቤው ግን ፍንክች አላለም።

የኔ ፋይልስ? እሱማ ጠፋ።

አልተናደድኩም (እሺ ትንሽ ተናድጃለሁ)። ሁሉን አስቀምጦ ደግሞ የቱ የት እንዳለ እወቅ ማለት ግፍ ነዋ። "እትዬ፣ ይሄ ሁሉ ግን ስንት አመት ነው የሚቀመጠው?" ብዬ የመዝገብ ቤት ሰራተኛዋን ስጠይቃቸው "ኧረ ይቆይ ልጄ፣ አይታወቅም" አሉኝ። የ1952ቱ የንግድ ህግ እንኳን ለነጋዴ የሂሳብ መዝገብ 10 አመት ብሎ ቆርጦ ነበር፣ ምን አስቸኮለው? የሰራተኛ ፋይል ጡረታው እስኪከበርለትና ከዛም በላይ ይቀመጥ፣ የስኳሩ ወረቀት ግን ኦዲቱ ሲዘጋ ይሂድ የሚሉም አሉ። አድልዎ በሉት! እኛ ጋ ወረቀት ሁሉ እኩል ነው።

ደግሞ እስቲ "ይወገድ" ብሎ የሚፈርም ወንድ አምጡ። ነገ ኦዲተር ቢመጣስ፣ ከሳሽ ቢነሳስ፣ ያ ፊርማ የማን ነው ቢባልስ? የመንግስት ሰነድ ዝም ብሎ እንዳይቃጠል የ1991ዱ የወመዘክር (የብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት) አዋጅ አለ ይሉሃል፣ እውነት ነው አለ፣ ግን ዘርዝሮ ጽፎ ፈቃድ መጠየቅ የሚለው ጋ ሲደርስ ሁሉም ሰው ስብሰባ ይኖረዋል። እኛ መስሪያ ቤት አንዴ አስወጋጅ ኮሚቴ ተቋቁሞ ነበር፣ ውሃና ቆሎ ቀርቦለት ወራት ተሰብስቦ አንድ ወረቀት ሳያስወግድ ቃለ ጉባኤው ብቻ ሶስት ቦክስ ፋይል ሞላ፣ እሱም እዛው ስኳሩ አጠገብ ተቀምጧል።

የማስወገጃ ጊዜ የላችሁም ብሎ የሚያማን ካለ ግን ውሸቱን ነው፣ ክረምት አለን። ሐምሌ ላይ ጣራው ሲያፈስ አንድ መደርደሪያ ሙሉ ገንፎ ሆኖ ይወጣል፣ ያለ ኮሚቴ፣ ያለ ፊርማ። የኔም እዛው ሳይሆን አይቀርም።

"ፋይሌ ጠፍቷል ብለህ ማመልከቻ አስገባ" ተባልኩ፣ አስገባሁ። ማህተም ተደረገበት፣ ቁጥር ተሰጠው፣ አዲስ ፎልደር ተከፍቶለት ስሜ በፓርከር ተጻፈበት። በቃ አሁን ፋይል አለኝ፣ ውስጡ ያለው ፋይሌ መጥፋቱን የሚገልጽ ደብዳቤ ነው። እትዬ መደርደሪያው ላይ መታ መታ አርገው ሲያስቀምጡት ምን አሉኝ፣ "አይዞህ፣ ይሄኛው እንኳን አይጠፋም።"