በአራተኛው ልጅ ምክንያት

ባለፈው ማክሰኞ የሒሳብ ክፍላችን ሠራተኛ አንድ ደረሰኝ እንደ ሞተ አይጥ በሁለት ጣቶቿ አንጠልጥላ ወደ ጠረጴዛዬ መጣች።

«ጋሼ፣ ይህን አላወራርድም» አለችኝ።

ለቢሮው ፎቶ ኮፒ ማሽን ቀለም የገዛሁበት ደረሰኝ ነው። 4 ሺህ 600 ብር፣ ያውም ከኪሴ። እንደ ደንቡ ሦስት ፕሮፎርማ ሰብስቤ አስገብቻለሁ። ሦስቱም በአንድ ሰው የእጅ ጽሑፍ መሞላታቸውን ማንም አላነሣም፤ ሦስት ማኅተም ካለ ሦስት ነጋዴ አለ ማለት ነው። የተያዝኩት በሌላ ነገር ነው። አሸናፊው ፕሮፎርማ ላይ የተጻፈው የድርጅት ስም አራት ፊደል አለው። ደረሰኙ ላይ ያለው ሦስት።

«አንድ ፊደል እኮ ነው» አልኳት።

«ጋሼ፣ ኦዲተር የሚገባው በአንድ ፊደል ነው።»

ከሰዓት በኋላ ወደ ሱቁ ሄድኩ። ባለ ሱቁ «ይቀመጡ ጋሼ» ብሎ የወረቀት ካርቶን ገለበጠልኝ። ተቀምጬ ዙሪያውን ቃኘሁ። ታፔላው አዲስ ነው፤ አራት ፊደል። በመስታወት ተደርጎ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ንግድ ፈቃድ አራት ፊደል። ማኅተሙ አራት። ካሽ ማሽኑ ብቻ፣ ሌላው ሁሉ የሆነውን ሳይሰማ፣ እየተንጣጣ ባለ ሦስት ፊደል ወረቀት ይተፋል።

«ማሽኑ ገና ነው» አለኝ፣ ስለ ታማሚ ዘመድ እንደሚያወራ ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ስሙን እዚህ አልጠቅሰውም፤ ሰውየው በቂ መከራ አለበት። ድርጅቱን ሲያቋቁም የሦስት ልጆቹን ስም የመጀመሪያ ፊደል ለቅሞ አገጣጠመው። የወጣው ቃል የጃፓን ሞተር ብስክሌት ይመስላል። ገበያውም ጃፓን ነው ብሎ አመነ፤ ዕቃው ጥሩ ነው ተባለ። ከስምንት ዓመት በኋላ ማንም ሳያስባት አራተኛ ልጅ ተወለደች። እናትየው ክርስትናው እስኪያልፍ ታግሣ ጥያቄውን አቀረበች፦ «ይህች ልጅ ነገ ፊደል ስትቆጥር ታፔላው ላይ ራሷን ብታጣ ምን ልንላት ነው?»

አባት ይህንን የሚመልስበት አፍ የለውም። ፊደሏ ተጨመረችና የጃፓኑ ሞተር ብስክሌት የአንጀት ትላትል መድኃኒት ሆነ።

የማኅበሩ ጠቅላላ ጉባኤ አንድ ማታ ከእራት በኋላ ሶፋ ላይ ተካሄደ። አባላቱ ሁለት ናቸው፤ ባልና ሚስት። ሲመሠረት በሥራ ላይ የነበረው የ1952ቱ የንግድ ሕግ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ቢያንስ ሁለት ሰው ይፈልግ ስለነበር፣ ብቻውን ሊነግድ የተነሣ ስንት ወንድ ነው በዚያ ሕግ ግፊት ሚስቱን የድርሻ ባለቤት ያደረገው! በ2013 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1243 የወጣው አዲሱ ሕግ ባለ አንድ አባል ማኅበር ፈቅዷል። ለዚህ ሰው ግን ዘግይቷል። ሊቀ መንበሩ ባል፣ ጸሐፊዋ ሚስት፣ አጀንዳው አንድ፣ ውሳኔው በሙሉ ድምፅ። ሕፃኗ በጡት ላይ ሆና በታዛቢነት ተገኝታለች። የቃለ ጉባኤውን ግልባጭ አሳይቶኛል፤ ጥጉ ላይ የደረቀ ወተት አለበት።

ከዚያ በኋላ ነው ጉድ የሚመጣው። የማኅበር ስም የሚገኘው መመሥረቻ ጽሑፉ ውስጥ ስለሆነ ስም መለወጥ ማለት መመሥረቻ ጽሑፍ ማሻሻል ማለት ነው። በመጀመሪያ አዲሱ ስም በሌላ ሰው አለመያዙ ይጣራል። ቃለ ጉባኤውና ማሻሻያው ሰነድ ማረጋገጫ ይሄዳሉ። ከዚያ ንግድ ምዝገባው፣ ከዚያ ንግድ ፈቃዱ፣ ከዚያ ግብር፣ ከዚያ ባንክ፣ ከዚያ የሱቁ ኪራይ ውል፣ ከዚያ ታፔላው፣ ማኅተሙ፣ ቲተሩ። ካሽ ማሽኑን ደግሞ እንደ ሬዲዮ ከፍተህ አትነካውም፤ ግብር መሥሪያ ቤቱ ፈቅዶ፣ የአቅራቢው ባለሙያ መጥቶ ነው የሚከፈተው። ባለሙያው ለአርብ ተቀጥሯል። የየትኛው ሳምንት አርብ እንደሆነ አልተነገረም።

በዚህ ሁሉ መሀል የማይለወጥ አንድ ነገር አለ፤ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥሩ። ስምህን ሦስቴ ብትለውጥ ሰውነትህ ያው ነው፤ ዕዳህም ግብርህም ተከትሎህ ይሄዳል። መንግሥት በቁጥርህ ያውቅሃል። ስሙ የሚያስፈልገው ለእኛ ለየዋሆቹና ለሒሳብ ክፍላችን ነው። ደግሞስ «ኃላፊነቱ የተወሰነ» የተባለው ማኅበሩ፣ 4 ሺህ 600 ብር ከኪሱ ያወጣው እኔ ኃላፊነቴ ያልተወሰነ! ይሁን።

«ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይላል ተረቱ። ከአማርኛ ተረቶች ሁሉ ይህን እወደዋለሁ፤ አያቴ አንድ ሰው ስሙን የመሰለ ነገር በሠራ ቁጥር ትለው ነበር። የጎረቤታችን አቶ ታገሥ በሚስታቸው ላይ ድምፃቸውን ከፍ ባደረጉ ዕለት ደግሞ ምንም አላለችም፤ መልአኩም ይሳሳታል ማለት አይገባም ብላ ይመስለኛል። ይሁንና ይህ ለሕፃናት ስም የሚያወጣው መልአክ ለድርጅት ሲሆን ቃላት ያልቁበታል። ሰላም፣ ሕብረት፣ አክሱም፣ ላሊበላ፣ ዓባይ፤ አለቀ። እነዚህ ደግሞ ከተያዙ ዘመን የላቸውም። መስኮቱ ጋ ያለው ሠራተኛ ኮምፒውተሩን እያየ «ተይዟል» ይላል። ሌላ ትጠራለህ። «ይመሳሰላል» ይላል። ሌላ ትጠራለህ። «ሲስተም የለም» ይላል። ይህችን ሦስተኛዋን ስትሰማ እፎይ ትላለህ፤ ቢያንስ ጥፋቱ የስሙ አይደለም።

ይህን ሁሉ እንዴት አወቅክ ቢባል፣ ቂም አለኝ። የዛሬ ዐሥራ አንድ ዓመት ግድም አንድ ወዳጄ ካፌ ሊከፍት ሲነሣ «አንተ ጸሐፊ ነህ፣ ስም አውጣልኝ» አለኝ። ሁለት ሳምንት አሰብኩ። እንቅልፍ አጣሁ ብል ማጋነን አይደለም። ጥሩ ስም አወጣሁለት፤ አሁን እዚህ አልጽፈውም፣ ብጽፈው አንዱ ወስዶ ያስመዘግበዋል። ወዳጄ ግን ሦስት አማራጭ ሲያስገባ የእኔን ሦስተኛ ላይ ጻፋት። አንደኛው የሚስቱ ምርጫ፣ ሁለተኛው የአጎቱ። ሁለቱም ተይዘው ተገኙና የእኔዋ ሳትወደድ አለፈች። በዓመቱ ካፌው ሰው አጣ። ማኪያቶው ውኃ ነው፣ ኬኩ የትናንት ወዲያ ነው፣ የበሩ ጠረጴዛ አንድ እግሩ አጭር ሆኖ የታጠፈ የሲጋራ ፓኮ ተደርጎበታል፣ አስተናጋጆቹ ደግሞ እንግዳ ሲገባ እንደ ተሰደቡ ሁሉ ፊታቸውን ያዞራሉ። ወዳጄ ይህን ሁሉ አየና ምን ቢል ጥሩ ነው? «ስሙ ከብዶት ነው።»

ስሙ! ያን ሁሉ ወረቀት ይዞ ተንከራቶ ካፌውን ወደ አንድ የአውሮፓ ከተማ ስም አዞረው። አዲስ ታፔላ፣ ባለ መብራት። «በአዲስ ስምና በአዲስ መልክ» የሚል ጨርቅ በበሩ ላይ ዘረጋ። ገብቼ ያው ጠረጴዛ ላይ ተቀመጥኩ፤ ያው ፓኮ ነው፤ እንኳን ስሙ ሲጋራው አልተለወጠም። በሰባት ወሩ ተዘጋ። እስከ ዛሬ ልቅሶ ቤት ስንገናኝ ንፍሮውን እያሻመደ «ያ ስምህ» ይለኛል። ያ ስሜ! ለዚያ ታፔላ ያፈሰሰውን ገንዘብ ለአንድ የጠረጴዛ እግር ቢያውለው ኖሮ ዛሬ እኔም ማኪያቶ በነፃ እጠጣ ነበር።

ስም ለውጦ የተሳካላቸው እኔ የማውቃቸው ነገሥታት ናቸው። የቋራው ካሣ በ1847 ዓ.ም. ደረስጌ ማርያም ላይ ቴዎድሮስ ሲባል ማን ቃለ ጉባኤ ጠየቀው? ሌላው ካሣ በ1864 ዓ.ም. አክሱም ላይ ዮሐንስ ሆነ። ሁለት ካሣ በአንድ መዝገብ ስለማይሆን እንደሆነ እንጃ። ተፈሪም በ1923 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተባሉ። የቤተ መንግሥቱን ብልሃት ልብ በሉ፤ ስሙ ተይዟል ሲባል «ዳግማዊ» ይጨመርበታል፣ ሲብስ «ራብዓይ»። ዛሬ አንዱ ሄዶ «ዳግማዊ ሰላም ዳቦ ቤት» ልመዝገብ ቢል «ይመሳሰላል» ተብሎ ነው የሚመለሰው።

ሕዝቡ ግን ሌላ መዝገብ አለው፤ አፉ። መብራት ኃይል በ2006 ዓ.ም. ለሁለት ተከፍሎ አንዱ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል፣ ሌላው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ተባለ። አምፖሉ ጥፍት ሲል «አንተ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት!» ብሎ የጮኸ ሰው ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ድሮም ዛሬም መብራት ኃይል ነው። ቴሌኮሙኒኬሽን በ2003 ዓ.ም. ኢትዮ ቴሌኮም ሆነ፤ ለእኛ ያው ቴሌ። ዩኒቨርሲቲው በ1954 ዓ.ም. በንጉሡ ስም ተጠራ፣ በ1967 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተባለ፤ ተማሪው ግን «ስድስት ኪሎ ደረሰኝ» ይላል። ንግዱን የሚመራው ሚኒስቴር ራሱ በ2014 ዓ.ም. ከንግድና ኢንዱስትሪ ወደ ንግድና ቀጣናዊ ትስስር ተለውጧል። ወረፋ ይዞ እንደሆነ አልሰማሁም።

ለነገሩ የሚያንገበግበኝ የድርጅቱ ስም አይደለም። የራሴ ነው። አያቴ ገብረ ማርያም ይባላሉ። ዲግሪዬ ላይ ገብረማርያም ተብለው ያለ ክፍተት ተጽፈዋል። መታወቂያዬ ላይ ገ/ማርያም ናቸው። የቤቱ ካርታ ላይ ደግሞ ገብረ ማርያም፣ ተለያይተው። አንድ ጊዜ ሦስቱን ወረቀቶች ይዤ አንድ መስኮት ጋ ብቀርብ ሠራተኛው ተራ በተራ አይቶ «እነዚህ ሦስት ሰዎች ናቸው» አለኝ። ሦስት አያቶች! እዝባሩን የሰነቀረው እኮ የቀበሌው ጸሐፊ ነው፣ ቅጹ ላይ ቦታ አነሰኝ ብሎ። እኔ አልጻፍኩት፣ አያቴ አልጻፉት። ግን ፍርድ ቤት ቀርቤ፣ ምስክር አቁሜ፣ ገ እና ገብረ አንድ ሽማግሌ መሆናቸውን ያስመሰከርኩት እኔ ነኝ። ከምስክሮቹ አንዱ፣ ሰማንያ ያለፋቸው የአያቴ ሚዜ፣ ዳኛው እዝባር ምን እንደሆነ ሲያስረዷቸው ብዙ አሰቡና «ጌታዬ፣ ገብሬ እኮ በሕይወት ዘመኑ እንዲህ ያለ ነገር አልነበረበትም» አሉ። ችሎቱ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም፤ አሁንም አልስቅም። ያን ቀን ከሥራ የቀረሁበት ደሞዝ ተቆርጦብኛል።

ወደ ደረሰኙ ልመለስ። ባለ ሱቁ ደግ ሰው ነው፤ «የቀድሞው ባለ ሦስት ፊደልና የአሁኑ ባለ አራት ፊደል አንድ ድርጅት መሆናቸውን እንገልጻለን» የሚል ደብዳቤ ለመጻፍ ቃል ገባልኝ። የሱቁ ኮምፒውተር ጋር ሲታገል፣ ማኅተሙን ሲፈልግ (ልጆቹ ሊጫወቱበት ወስደውት ነበር)፣ ስድስት ቀን አለፈ። በእነዚህ ስድስት ቀናት ደረሰኙን እንዳይጠፋ ብዬ መኪናዬ ውስጥ ከመስታወቱ ሥር፣ ዓይኔ ሥር አኖርኩት። የካሽ ማሽን ወረቀት ፀሐይ እንደማይችል ማን ነገረኝ?

ትናንት ሁለቱንም ይዤ ሒሳብ ክፍል ገባሁ። ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበበች። ማኅተሙን አየች፣ ቲተሩን አየች፣ ፊደሎቹን በእስክሪብቶ ጫፍ ቆጠረች፤ ፊቷ ፈካ። ከዚያ ደረሰኙን አነሣች። ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ አደረገችው። ገለበጠችው። መልሳ ገለበጠችው።

«ጋሼ፣ ሦስት ፊደል የሚለው የቱ ጋ ነው?»

ቀረብ ብዬ አየሁ። ወረቀቱ እንደ ነጠላ ጸድቷል።

«ኮፒ እንኳ አላደረጉትም?» አለችኝ በሐዘኔታ። ፎቶ ኮፒ ማሽኑ ከጀርባዋ ቆሟል፤ በ4 ሺህ 600 ብር ቀለም ጠግቦ።