ማስተካከያ፦ ውሃ የገባበትን የጭነት መኪና ሞተር ጎትታችሁ አታስነሱ

ጎርፍ ውስጥ ቆሞ ስለጠፋ የጭነት መኪና ቀደም ሲል የወጣው ጽሑፍ «ሞተሩ አልዞር ካለ ነክሷል (ውስጡ ተጣብቆ ይዟል)፤ ማርሽ አስገብቶ በሌላ መኪና መጎተት ነው» ይላል። ይህ ትክክል አይደለም፤ አደገኛም ነው።

አየር ይታመቃል፣ ውሃ አይታመቅም። ሲሊንደር ውስጥ ውሃ ካለ ፒስተኑ ወደ ላይ ሲመጣ መሄጃ ያጣል። በግድ ሲዞር ቢዬላው፣ ማለትም ፒስተኑን ከክራንክሻፍቱ (ከሞተሩ ዋና ዘንግ) ጋር የሚያያይዘው ብረት፣ ይታጠፋል። በቀላል ሥራ ይድን የነበረ ሞተር ያኔ ሙሉ ለሙሉ ይወርዳል። ያሳዝናል!

መጀመሪያ ባትሪውን ንቀሉ፣ ማርሹን ዜሮ አድርጉ። የዘይት መለኪያውን መዝዛችሁ እዩ፤ ዘይቱ ማኪያቶ ከመሰለ ውሃ ተቀላቅሎታል። ከዚያ ነዳጅ የሚረጩትን ኢንጀክተሮች ፈትታችሁ የክራንክሻፍቱን ፑሌጃ (ቺንጋው የሚያርፍበትን ክብ ብረት) በትልቅ ቁልፍ ቀስ አድርጋችሁ በእጅ አዙሩ። ፊታችሁን ከቀዳዳዎቹ አርቁ። ውሃ እየተፋ ከዞረ ሞተሩ አልነከሰም ማለት ነው። ያም ሆኖ ለማስነሳት አትቸኩሉ። ፒስተኖቹ ጫፍ ሲደርሱ ከፍታቸው እኩል መሆኑን ለኩ፤ አንዱ ዝቅ ካለ ቢዬላው ታጥፏል።

ኢንጀክተሮቹ ወጥተውም ንቅንቅ ካላለ ዝገት ሊሆን ይችላል፤ ቴስታታው (የሲሊንደሮቹ ክዳን) ይከፈት። የወጣው ውሃ የራዲያተር ፈሳሽ ቀለም ካለው ግን ጥፋቱ የጎርፉ አይደለም፤ ጓርኒሲዮኑን (ከቴስታታው ሥር ያለውን ማሸጊያ) አስፈትሹ።