ለዶክትሬት ማስተርስ ግዴታ ነው ስለሚባለው

«አሜሪካ በባዮሎጂ ዶክትሬት ለመማር አስቀድሞ ማስተርስ መያዝ ግድ ነው» ሲሉ ለጠያቂው የሰጡት ምላሽ ለአገራችን አሠራር ትክክል ቢሆንም፣ ለአሜሪካ ግን አይሠራም። እዚያ አብዛኞቹ የባዮሎጂ ዶክትሬት ፕሮግራሞች በመጀመሪያ ዲግሪ በቀጥታ ይቀበላሉ፤ መምህራኑም ከውጤቱ ባሻገር አመልካቹ በላቦራቶሪ ወይም በመስክ ምን እንደሠራና ጥናቱን በራሱ ቃል ማስረዳት መቻሉን አጥብቀው ይመለከታሉ።

በሞለኪውላርና በሴል ባዮሎጂ ዘርፍ ተማሪው በመጀመሪያው ዓመት ብዙውን ጊዜ ሦስት ያህል ላቦራቶሪዎች ውስጥ ለጥቂት ለጥቂት ሳምንታት እየተዘዋወረ ከሠራ በኋላ አማካሪውን ይመርጣል። በኢኮሎጂ (ሕያዋን ከአካባቢያቸው ጋር ያላቸውን ግንኙነት በሚያጠናው ዘርፍ) ግን ከማመልከት በፊት አማካሪ እንዲሆን ለሚፈለገው ፕሮፌሰር ጽፎ ፈቃደኝነቱን ማረጋገጥ የተለመደ ነው (ይህን ብዙዎች የሚሰሙት ካመለከቱ በኋላ መሆኑ ያሳዝናል)። ተማሪው በዶክትሬቱ ለመቀጠል ማለፍ ያለበት የብቃት ፈተና በአብዛኛው በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ዓመት ይመጣል፤ እሱን ያላለፈ ወይም ሐሳቡን የቀየረ ተማሪ በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ማስተርስ ይዞ ይሰናበታል፤ እርስዎ የመግቢያ በር ያሉት ዲግሪ እዚያ መውጫ በር ሆኖ ያገለግላል ማለት ነው።

ስህተቱ ገንዘብም ያስወጣል፤ የባዮሎጂ ዶክትሬት ተማሪ ብዙውን ጊዜ የትምህርት ክፍያው ተሸፍኖለት የኑሮ ድጎማ ሲያገኝ፣ የማስተርስ ተማሪ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከኪሱ ይከፍላል። ጠያቂው ያሰቡት ጀርመንን ቢሆን ኖሮ ምላሽዎ በአብዛኛው ልክ ይሆን ነበር።